ወደ ላይ ሳይወጣ እኩሌታ ላይ የቆመው ባንዲራ

ሰሞኑን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ በየመሥሪያ ቤቱ ባንዲራ ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ በታዘዘበት ጠዋት፣ እናቴን ደግፌ መስኮቱ አጠገብ ትራስ እያስደገፍኳት ነበር። የምንኖረው ሲ.ኤም.ሲ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአጥሩ ማዶ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ግቢው ውስጥ ነጭ የተቀባ የብረት ምሰሶ ቆሟል። እናቴ ከአልጋ መነሳት ካቆመች ወዲህ ይህ ምሰሶ ቴሌቪዥኗ ሆኗል። ጥበቃው ሙሉጌታ ባንዲራውን ገመዱ ላይ አስሮ መሳብ ጀመረ። ምሰሶው እኩሌታ ላይ ሲደርስ አቆመ፣ ገመዱን ቋጠረ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ ጥበቃ ቤቱ ገባ። እኔ እጄ ትራሱ ላይ እንዳለ ቀረሁ። የእናቴን ፊት ለማየት ፈርቼ ነበር።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ብዙ ሰው ነው እማዬ። አገር ነው ያዘነው።»

ዓይኗን አጥብባ ምሰሶውን አየች። «አይ» አለች። «ይሄ ሐዘን አይደለም። ወደ ላይ መች ወጣና? ገና እየወጣ ነው። ገመዱ ይዞት ይሆናል።» ይህን ብላ ተነፈሰች፤ ትከሻዋ ሲላላ እጄ ላይ ተሰማኝ።

ያ «ገመዱ ይዞት ይሆናል» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የመጣው ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ከሚወስደው ዳገት፣ ዛሬ ከሌለው ሰፈራችን ነው። ወፍጮ ቤቱን አልፎ ወደ ግራ የሚታጠፍ፣ ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ የሚያስቀር ጠባብ መንገድ ነበረን። ጠዋት ጠዋት ከጫካው ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ የባሕር ዛፉ ሽታ ቀድሟቸው ይደርስ ነበር። አሁን እዚህ የሚሸተኝ የጎረቤት የወለል ሳሙና ነው። ያኔ ዳቦ በሃያ አምስት ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ ያውም ትኩሱ፣ ጋዜጣ ተጠቅልሎ። ታክሲው ሰማያዊና ነጭ ሆኖ እስከ አራት ኪሎ ይጭነን ነበር፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሰፈሩን ሴት ልጆች በስማቸው እየጠራ ያሾፍባቸዋል። ጎረምሶቹ በሙሉ የጂንስ ጃኬት ነበር የሚለብሱት፤ የሌለው ከጓደኛው ይዋሳል፤ የአንድ ሰው ጃኬት በአንድ እሑድ ሦስት ሠርግ ላይ ይታይ ነበር።

እናቴ አስካለ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነበራት። ዓመቱን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ዘመን መለወጫና ጥምቀት ሲቃረቡ ደግሞ ባንዲራ። ጨርቁን ሾላ ገበያ ሄዳ ራሷ ትመርጣለች፤ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ካደላ ትመልሰዋለች። በመቀስ አትቆርጠውም፤ ጫፉን በጥርሷ ትነክሰውና በሁለት እጇ ትቀደዋለች፤ የተቀደደ ጨርቅ ክሩን ተከትሎ ስለሚሄድ አይጣመምም። ያ የመቅደድ ድምፅ ሲሰማ በዓል እንደደረሰ እናውቅ ነበር። ሦስቱ ቀለሞች ስፋታቸው እኩል ካልሆነ ፈትታ ትሰፋቸዋለች። ከባንዲራ የተረፈ ቁራጭ እንዳይረገጥ፣ እንዳይወለወልበት፣ ሰብስባ ጓሮ ታቃጥለዋለች። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ «አስካለ፣ ለባንዲራ ያለሽ ክብር ለእኛ ቢኖርሽ ኖሮ የዘመድ ልብስ አታዘገዪም ነበር» ትላታለች። እናቴም ከመኪናው ቀና ሳትል፣ «ባንዲራ ዱቤ አይጠይቅም» ትላት ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ የእድራችንን ምሰሶ ያቆመ ሰው ነው። ከእንጦጦ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ መርጦ፣ ልጦ፣ ምስጥ እንዳይበላው ሥሩን በተቃጠለ ዘይት ነክሮ፣ እድሩ ድንኳንና ወንበር ከሚያስቀምጥበት ቤት ፊት ለፊት ተከለው። ጫፉ ላይ ገመዱ የሚሽከረከርበትን መዘውር ከአንድ የደረቀ ጉድጓድ ነው ያመጣው፤ ዝናብ ሲመታው ይዝግና ይይዛል። በበዓል ቀን ባንዲራውን የሚሰቅለው ደረጀ ነበር፤ አጠገቡ ቆመው የሚያዙት ደግሞ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዴ። ጋሽ ወልዴ የጥንት ወታደር ናቸው፤ ኮታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ ጫማቸው ግን ሁልጊዜ ያብረቀርቃል።

የሰፈራችን ሰው አንድ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከእድሩ አባላት ሰው ሲሞት፣ ድንኳኑ ተተክሎ ባንዲራው ዝቅ ይላል። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር መጥተው፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ባንዲራ ዝቅ የሚለው እኮ መንግሥት ሲያውጅ ነው። በእያንዳንዱ ለቅሶ አይወርድም» አሏቸው። ያን ዕለት የሞተችው ወፍጮ ቤት ዱቄት ስትነፋ የኖረች ሴት ነበረች። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እናንተ ለትልልቆቹ አውጁ፤ የእሷን ለእኛ ተዉልን» አሉ። ሊቀመንበሩ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ንፍሮም ቀመሱ። ጉዳዩ በዚያው ቀረ።

አሰቃቀሉን በተመለከተ ግን ጋሽ ወልዴ ቀልድ አያውቁም። በሐዘን ጊዜ ባንዲራ ከመሬት ተነስቶ እኩሌታ ላይ አይቆምም። መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፤ እዚያ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ በዝግታ ወደ እኩሌታ ይወርዳል። ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅም ከእኩሌታ ተነስቶ አይወርድም፤ እንደገና ጫፍ ደርሶ ነው የሚወርደው። «መጀመሪያ ክብሩ፤ ከዚያ ሐዘኑ» ይሉ ነበር። እናቴ ይህን ከማንም በላይ ይዛዋለች። የሰፋችው እሷ፣ የሚሰቅለው ልጇ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የትኛው፣ መቼ፣ ለምን ተጀመረ የሚለውን ሌሎች ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ የሚለቀቀውን ዘፈን፣ ካሴቱ ከመደጋገሙ ብዛት አንድ ቦታ ላይ ይጎተት እንደነበር፣ የሰፈራችን ሴቶችም በሶ ሲፈጩ በዚያው በተጎተተው ዜማ ያንጎራጉሩ እንደነበር ነው። ደረጀ ተመዘገበ። የሄደው በበዓል ጠዋት ነበር። መኪናው ፈረንሳይ አደባባይ እየጠበቀው፣ «ባንዲራውን ሰቅዬ ልሂድ» አለ። ሲስበው ባንዲራው እኩሌታ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ደረጀ ሳቀና፣ «እማዬ፣ ምንም አይደለም፣ ገመዱ ነው የያዘው» አላት። ሸራ ጫማውን አውልቆ ምሰሶው ላይ ወጣ፤ መዘውሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ገመዱን አላቀቀው። ከላይ ሆኖ ሰፈሩን ሁሉ ካየ በኋላ፣ «እትዬ ብርቄ፣ ጣሪያሽ ላይ የማን ካልሲ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው የሸኘው። እኔ የመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ደረጀ እዚያ ላይ ነው፤ ከኋላው የእንጦጦ ጫካ፣ እግሮቹ ምሰሶውን አቅፈው።

ጦርነቱ አለቀ። የተመለሱ ተመለሱ። ከዚያ የመርዶው ሰሞን መጣ፤ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሎች ነጠላ አጣፍተው በየበሩ ይቆሙ ጀመር። በር ሲንኳኳ ማን እንደሚከፍት መተያየት ነበር። የእኛን በር ማንም አላንኳኳም። ደረጀ ከመጡትም ከሞቱትም ውስጥ የለም። እናቴ ቀበሌ ሄደች፣ ከቀበሌ ወደ ሌላ ቢሮ ላኳት፣ ከዚያም ወደ ሌላ፤ የሚያውቅ አልተገኘም። አብሮት የነበረ አንድ ልጅ ብቻ፣ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ «እኔ ቆስዬ ስነሳ እሱ ቆሞ ነበር» አላት። እናቴ ይህችን ቃል ይዛ ዓመታት ኖረች። ቆሞ ነበር።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ጋሽ ወልዴ ራሳቸው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ አንድ ጠዋት ጎህ ሳይቀድ መጡ። እኔ ያኔ ጎርምሻለሁ። «አስካለ፣ እናታችን» አሉ በዕድሜ የሚበልጧት ሰውዬ፣ «ይውጣልሽ። ድንኳኑን እንትከል። ባንዲራውን ዝቅ እናድርግለት። ያቆመው ምሰሶ ነው፤ ይገባዋል።»

እናቴ በሩን ይዛ ቆማ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎን አልቆጣም» አለች። «ነገ መንገዱን ታጥፎ ቢመጣ ባንዲራውን ዝቅ ብሎ ሊያየው ነው። ማን ሞተ ቢለኝ ምን ልበለው?»

ሽማግሎቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አታውቅም። በእኛ አገር ለቅሶ የሚሄድ ሰው የነጠላውን ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ አንገቱ አድርጎ ይለብሳል፤ እሷ ግን የጎረቤት ቀብር እንኳ ስትሄድ ጥለቱን ወደ ታች እንደለቀቀችው ነበር። «በሰው ለቅሶ ላይ በዓል ትለብሳለች» ብለው አሟት። ጋሽ ወልዴ የሞቱ ዕለት እንኳ እንዲሁ ሄዳ፣ ድንኳኑ ጥግ ብቻዋን ተቀመጠች። እኔስ? እኔም ማልቀስ ተከለከልኩ። ደረጀ ሞቷል ብሎ ማሰብ እሷ ፊት እሱን እንደ መግደል ነበር። ትምህርቴን ትቼ መገናኛ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮና ስልክ መጠገን በራሴ ተማርኩ። ሰው ዝምተኛ ይለኛል። ገና ጎልማሳ ነኝ፣ ግን የወንድሜን ስም ጮክ ብዬ ሳልጠራ አረጀሁ።

ሰፈሩ ሲነሳ ምሰሶው ተቆርጦ ከማገር ጋር ተጫነ። እኛ ወደ ሲ.ኤም.ሲ፣ እትዬ ብርቄ ወደ ሌላ የከተማው ጫፍ፣ የቀሩትም በየአቅጣጫው ተበተንን። እድሩ ፈረሰ። እናቴ አዲሱን ቤት ስታይ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ «እዚህ እንዴት አድርጎ ያገኘናል?» አሁን ደግሞ ሐኪሙ በኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ቤት ወስደህ አስታምማት» ብሎኛል። ትርጉሙን አውቄዋለሁ። እሷ ይህን በር ጠባቂነቷን እንደያዘች ከሄደች፣ ደረጀን አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው በምድር ላይ አይኖርም።

ለዚህ ነው ያን ዕለት ከሰዓት ደረጃውን ወርጄ ወደ ሙሉጌታ የሄድኩት። ጥላው ሥር ተቀምጦ ስልኩን እያየ ነበር።

«ሙሌ፣ ስለ ባንዲራው ልነግርህ ነበር።»

«ምነው፣ ተገልብጧል እንዴ?» ብሎ ደንግጦ ቀና አለ።

«አልተገለበጠም። ዝቅ ሲደረግ ግን መጀመሪያ ጫፍ ወጥቶ ነው ወደ እኩሌታ የሚወርደው። ማታም ሲወርድ እንደገና ወደ ላይ ወጥቶ ነው።»

«ይሄ ባንዲራ ነው ወይስ ሊፍት?»

«እኛ ሊፍት የለንም» አልኩት።

ሳቀ። «አራት ፎቅ በእግርህ ወርደህ ይሄን ልትነግረኝ? ማን ልኮህ ነው?»

«ማንም አልላከኝም። ለእናቴ ብዬ ነው፤ መስኮቱ ላይ ላለችው።»

«እማማ? እኔ እኮ አለቃዬ ያስቀመጠብኝ ሰላይ መስለውኝ በሳቸው ምክንያት ቀን መተኛት ትቻለሁ።»

ከዚያ ነገርኩት። ስለ ምሰሶው፣ ስለ ገመዱ፣ እሷ ዛሬ ጠዋት ስላለችው። ስናገር ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ሙሉጌታ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አሳስቼ በመስቀሌ ነዋ ደስ ያላቸው» አለ። «ታዲያ ለምን አትተዋቸውም ወንድሜ? ገና እየወጣ ነው ብለው ቢያርፉ ምን ይጎዳሃል?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። «ስላላረፈች» አልኩት። «አንድ ቀን እንኳ አላረፈችም።»

ሐዘኑ ገና አላበቃም ነበርና በማግስቱ ጠዋት ሙሉጌታ ኮፍያውን አውልቆ ወጣ። ባንዲራውን ሲስብ እናቴ አንገቷን አቀናች። እኩሌታውን አለፈ። ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ደረሰ፤ ነፋሱም ከእንጦጦ በኩል መጥቶ ዘረጋው። ፊቷ በራ፤ ያን ፊቷን ለዓመታት አላየሁትም። «አላልኩህም?» አለች። «ገመዱ ነው።»

ጫፍ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በዝግታ፣ ጋሽ ወልዴ እንደሚወዱት በዝግታ፣ ወደ እኩሌታ ወረደ።

የእናቴ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ የስፌት መስመር የምትፈልግ ይመስል ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። ኋላም ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተ ነህ ያስወረድከው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«ለእሱ?»

«ለእሱም።»

የምትረግመኝ መስሎኝ ነበር። ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ግድግዳ ግድግዳውን እያየች፣ «ነጠላዬን አምጣልኝ» አለች። አመጣሁላት። ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ እስከ አገጯ ሳበችው። የዚያን ነጠላ ጥለት ከፊቷ አጠገብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «ሰዎቹን ጥራቸው እንግዲህ» አለች።

የትኞቹን ሰዎች? ድንኳን የለ፣ እድር የለ፣ ጋሽ ወልዴ የሉ። እትዬ ብርቄ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኳት። «እግሬ ከአልጋ አያወርደኝም ልጄ» አለችኝ። «ስልኩን አጠገቧ አድርግልኝ።» ድምፁን ከፍ አድርጌ ትራሱ ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ ብርቄ ካለችበት ሆና ማልቀስ ጀመረች፤ እንደ ድሮዋ፣ በስሙ እየጠራች፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ በካልሲው እንዳሾፈባት እያነሳች። ከእናቴም ድምፅ ወጣ፤ ያ በሁለት እጇ የምትቀደው ጨርቅ ድምፅ ነበር።

ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ጎረቤት ደንግጣ በር አንኳኳች። ሰላምታ ብቻ ነው የምንለዋወጠው፣ ስሟን እንኳ አላውቅም። «ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ለቅሶ ነው። ወንድሜ ሞቶ።»

«ውይ! መቼ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቀትር ላይ ሙሉጌታ ተረኛውን አስጠብቆ መጣ። «እግዜር ያጽናችሁ እማማ» ብሎ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የወንድሜ ለቅሶ ይኸው ነበር፤ አንድ ስልክ፣ አንዲት ስሟን የማላውቃት ሴት፣ አንድ ጥበቃ፣ እናቴና እኔ። እኔም አለቀስኩ። ግን እንደጠበቅሁት አልቀለለኝም፤ የተዘጋ ቤት ሲከፈት ውስጡ የቀረው ሁሉ በአንዴ እንደሚወድቅ ነው የሆነብኝ።

አመሻሹ ላይ ሙሉጌታ ተነሳ። «ባንዲራውን ላውርድ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«መጀመሪያ ወደ ላይ አውጣው ልጄ» አለችው እናቴ። ድምፅ አልቀራትም።

«አወጣዋለሁ እማማ።»

ደግፌ መስኮቱ ላይ አቀናኋት፤ ክብደት የላትም። ሙሉጌታ ገመዱን ፈታ። ባንዲራው ከእኩሌታ ተነስቶ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ ሲወርድ ሁሉ ነገር ያበቃል፤ ሐዘኑም፣ መጠበቁም፣ ምናልባት እሷም። ሙሉጌታ ገመዱን ይዞ ቀና ብሎ ወደ መስኮታችን አየ። ፀሐይ ከሕንፃዎቹ ጀርባ እየገባች ነበር፤ የእንጦጦ ጫፍ ብቻ በራ። እናቴ ዓይኗን ከባንዲራው ሳትነቅል ክንዴን ጨበጠችኝ።

«ትንሽ ይቆይ በለው» አለች።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባንዲራ ምሰሶ ላይ መቆየት እንደሌለበት አውቃለሁ። መስኮቱን ከፈትኩና ወደ ታች፣ «ሙሌ፣ ትንሽ ይቆይ» አልኩት። እሱም ገመዱን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ እየጨለመ፣ ቆመ።